በሩ ከውጭ ይቆለፍ ነበር

የያዙኝ ከክሊኒኩ ነው። መርፌ እየቀቀልኩ ነበር። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙና አንደኛው፣ «ሻምበል ይፈልጉሻል፤ ለትንሽ ጥያቄ ነው» አለኝ። መርፌዎቹን ከፈላው ውኃ አውጥቼ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ደረደርኩ፣ የላምባ ምድጃውን አጠፋሁ፣ ነጭ ጋውኔን እንደለበስኩ ተከተልኳቸው። ምክንያቱ አልጠፋኝም። ጠዋት የተናገርኩት ነገር ነው።

ያን ጊዜ ድሬሰር ነበርኩ። ከተማዋ ከየአገሩ ለሚመጡ ታላላቅ እንግዶች ስብሰባ ትዘጋጅ ነበር። በአዲሱ አስፋልት ዳርና ዳር የቆርቆሮ አጥር ተተክሎ ነጭ ቀለም ተቀባ፤ ከኋላው ያሉት ጎጆዎች እንዳይታዩ ነው። ጎጆዎቹን እንዲህ ጋረዷቸው። ሰዎቹን መጋረድ ግን አልተቻለም። ስለዚህ በካሚዮን ጫኗቸው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚለምኑትን፣ ሥራ ፍለጋ ከገጠር የመጡትን፣ ልብሱ የተቀደደውን ሁሉ ለቅመው ከየካ ተራራ ግርጌ ያለ ሜዳ ላይ አራገፏቸው። ሜዳውን በሽቦ አጠሩት፣ ሸራ ድንኳን ተከሉበት፣ በራዲዮም «የዕርዳታ መንደር» አሉት።

እኔ ቁስል እንዳጥብላቸው ጠዋት ጠዋት እላክ ነበር። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ሸራውን አልፎ ይገባል። ሲዘንብ ካደረ ደግሞ ሰዎቹ ጭቃ ላይ ቁጭ ብለው ነው የማገኛቸው። አንድ ጠዋት አንዲት አሮጊት ጉልበታቸውን እንዳቀፉ ሞተው አገኘኋቸው። ደረታቸውን ሲያማቸው ሰንብተው ነበር፤ ሆስፒታል ይወሰዱ ብዬ ለምኜ «እንግዶቹ እስኪሄዱ» ተብያለሁ። አስከሬኑን በዚያው ሸራ ጠቅልለው ወሰዱት። የት እንደቀበሯቸው የነገረኝ የለም።

በተያዝኩበት ቀን ጠዋት ከእንግዶቹ ቀድመው የመጡ ጥቂት ፈረንጆች መንደሩን ሊያዩ መጡ። ከመካከላቸው አንዲት ባርኔጣ ያደረጉ ሴትዮ በእንግሊዝኛ፣ «እነዚህ ሰዎች እዚህ በመሆናቸው ደስተኞች ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። ትምህርት ቤት የተማርኩትን ያህል እንግሊዝኛ እችላለሁ። «በሩ የሚቆለፈው ከውጭ ነው» አልኳቸው። ሌላ አልጨመርኩም።

ጣቢያው ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ያስገቡኝ ክፍል ጣሊያን ለበቅሎ ማደሪያ የሠራው ነው፤ ግድግዳው ላይ የበቅሎ ማሰሪያ ቀለበቶች እንደተተከሉ ናቸው። መስኮቱ መስታወት የለውም። በእሱ በኩል የባሕር ዛፍና የትኩስ ሬንጅ ሽታ ተቀላቅሎ ይገባል። ጥግ ላይ አንዲት በዕድሜ የምትበልጠኝ ሴት ነጠላዋን አንጥፋ ተቀምጣለች።

«አንቺንም አስፋልት ላይ ነው የያዙሽ?» አለችኝ።

«አይ፣ ሥራ ቦታ ነው። እርስዎንስ?»

ከእንጦጦ እንጨት እያወረደች የምትሸጥ ሴት ናት። «ሸክም ተሸክመሽ አስፋልቱ ላይ አትታዪ አሉኝ። እሺ፣ ሌላ የምወርድበት መንገድ አሳዩኝ አልኳቸው። እሱን ሲያስቡ ሲያስቡ ከነእንጨቴ እዚህ አመጡኝ።» አፍንጫዋን ወደ መስኮቱ ቀና አደረገች። «ይሸትሻል? እንጨቴ ነው። ሻያቸውን እያፈሉበት ነው።»

ከዚያ በኦሮምኛ አንድ ነገር አጉረመረመች። ምን እንዳለች ጠየቅኋት። «ቢተረጎም ለጆሮሽ አይሆንም» ብላ ከነጠላዋ ግማሹን ለቀቀችልኝ። ከዚያ ወዲያ እትዬ እላት ጀመር።

በማግስቱ ሻምበሉ አስጠራኝ። ቢሮው አዲስ ቀለም ይሸታል። ባለቤቴ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ክራቫት አስሯል፣ ጢሙን ተላጭቷል፣ ጉልበቱ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ልብስ ይዟል። ሳየው ላለቅስ ምንም አልቀረኝም ነበር። ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

ባለቤቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የክፍል ሹም ሆኖ ተሹሞ ነበር። በዚያው ዓመት ቤታችን ራዲዮግራም ገባ፣ ቀጥሎም ፍሪጅ። ፍሪጅ ሠፈራችን ውስጥ ከእኛ በቀር የነበረው ሰው የለም። ጎረቤቱ ቀዝቃዛ ውኃ ሊቀምስ ይመጣል፤ ልጆች ጥርሳቸውን እየያዙ ይስቃሉ። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። ምቾት የሚጠላ ሰው አላውቅም።

«እህቴ» አለ ሻምበሉ፣ በጣም በትሕትና። «አገር እያደገ ነው። መንገዱን አይተሻል፣ አዳራሹን አይተሻል። ከጥቂት ዓመት በፊት ስንት ቤት መብራት ነበረው? ይህንን ዓለም እንዲያይልን ነው የምንደክመው። አንቺ እንግዳ ሲመጣብሽ ቤትሽን አትጠርጊም?»

«እጠርጋለሁ» አልኩ። «እናቴን ግን ጠርጌ አላወጣም።»

ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ሻምበሉ ፈገግ እንዳለ ነው። ነገ እንግዶቹ ራሳቸው መንደሩን ሊጎበኙ እንደሚመጡ፣ እኔም ጋውኔን ለብሼ በሩ ላይ ቆሜ፣ ለሴትዮዋ ስነግራቸው እንግሊዝኛ አልመጣልኝ ብሎ የተሳሳተ ነገር ተናግሬያለሁ እንድል አስረዳኝ። ከዚያ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ባለቤቴም ሥራው ላይ ይቆያል።

«ምን ጎደለሽ?» አለኝ ባለቤቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ። «ንገሪኝ እስቲ፣ ምን አጎደልኩብሽ?»

«አንተ ምንም አላጎደልክብኝም።»

«ታዲያ የማታውቂያቸው ሰዎች ናቸው። ምን አገባሽ?»

ያኔ ነው ንዴቱ የመጣው። ከእግሬ ተነሥቶ ጆሮዬን አጋለው። በሻምበሉ አልተናደድኩም፤ እሱ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። የተናደድኩት አብሮኝ በሚተኛው ሰው ነው። የዚያችን አሮጊት ሞት የዚያኑ ዕለት ማታ ነግሬው ነበር። ሹካውን አስቀምጦ «ወይኔ» ብሎ ነበር። አዝኖ ነበር። አሁን «የማታውቂያቸው ሰዎች» ይለኛል።

ወደ ሻምበሉ ዞርኩ። «በሩን ክፈቱት። ቁልፉ ይውለቅ፤ መሄድ የሚፈልግ ይሂድ። ያኔ እስር ቤት አይደለም እላለሁ፤ በሦስትም ቋንቋ እላለሁ፤ እውነት ይሆናላ።»

ሻምበሉ ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። ከዚያ ሳቁን አቋርጦ፣ «መናገርሽም ይቅር። ቁሚ ብቻ፤ መታየትሽ ይበቃል። የምናገረው እኔ ነኝ» አለኝ። ባለቤቴ የያዘውን ጥቅል ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ያማረው ቀሚሴና ተረከዘ ረጅሙ ጫማዬ ነበሩ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ እትዬ ጫማውን ገልበጥ አድርጋ አየችው። «በዚህ እንጦጦን መውጣት አይቻልም» አለችና መለሰችልኝ።

በነጋታው በመኪና ወሰዱኝ። ቀሚሱን ለበስኩት፤ ራቁቴን ልሄድ አልችልም፣ ስያዝ የለበስኩትም ጉስቁል ብሎ ነበር። ጋውኔንም አጥበው ተኩሰው ከላይ አለበሱኝ። መንደሩ ድንኳኖቹ ተቀይረው አዳዲስ ነጫጭ ሆነዋል። ጭቃው ላይ አሸዋ ተነስንሷል። ሰዎቹ ውስጥ ተሰልፈው አንድ ዓይነት ብርድ ልብስ ደርበዋል። ብርድ ልብሱ እንግዶቹ ሲሄዱ እንደሚገፈፍ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ አጥብቀው ይዘውታል።

መኪኖቹ ጥቁር ነበሩ፤ አንጸባራቂ። ባለ ባርኔጣዋ ሴትዮም አብረው መጥተዋል። ሻምበሉ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሕክምናው ተናገረ። ባለቤቴ ከሹማምንቱ ኋላ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ሴትዮዋ ወደ እኔ ጠጋ አሉና፣ «ያን ዕለት ስለ በሩ ነግረሽኝ ነበር» አሉኝ።

ሻምበሉ ቀድሞ መለሰ። «ተሳስታ ነው፣ እመቤት። ከውሻና ከሌባ ለመጠበቅ ነው የሚዘጋው።»

እኔ ሦስት አራት እርምጃ ሄጄ በሩን በሁለት እጄ ገፋሁት። ሰንሰለቱ ጮኸ። እንደገና ገፋሁት። ከውስጥ አንድ ሽማግሌ ከሰልፉ ወጥተው በሩን ይዘው ከእኔ ጋር ጎተቱ። ሰንሰለቱ ሲንቋቋ ተሰልፈው የነበሩት ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ።

እንግዶቹ አዩ፤ ሁሉም አይተዋል። ይህን የምናገረው ከዚያ ወዲህ አላየንም የሚሉ ስለማይጠፉ ነው። ሴትዮዋ ቁልፉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ቀና ብለው ተራራውን አዩ። «እዚህ አየሩ እንዴት ጥሩ ነው» አሉ። አንደኛው እንግዳም «በጣም» አሉ። ሻምበሉ ሻይ ተዘጋጅቷል ብሎ ወደ መኪኖቹ መራቸው።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ እውነቱ ከታየ ነገር ይለወጣል ብዬ አምን ነበር።

ወደ ጣቢያው ስመለስ አንድ ፖሊስ በጥፊ መታኝ፤ ሌላው ግን «ተዋት» አለው። ከዚያ በኋላ የጠራኝ የለም። እንግዶቹ አገራቸው ሲገቡ መጀመሪያ የተፈታችው እትዬ ናት። በሩ ተከፍቶላት «ሂጂ» ሲሏት አልሄደችም። ግቢው መሐል ቆመች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት ፖሊሱ።

«እንጨቴን አንድዳችሁታል። ገመዴን ስጡኝ።»

«የምን ገመድ?»

«የታሰረበት። የኔ ነው።»

ገመድ የሚባል የለም አሏት። ቆመች። ገፈተሯት፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ መልሳ ቆመች። በመስኮቱ አየኋት፤ ፊቷ ላይ ልመና የሚባል ነገር አልነበረም። በመጨረሻ ሻይ የሚያፈላው ፖሊስ ገመዱን ከማጀት አምጥቶ ወረወረላት። አንሥታ አቧራውን አራገፈች፣ ጠቀለለችው፣ ትከሻዋ ላይ አድርጋ በዚያው በአስፋልቱ መሐል ሽቅብ ሄደች።

እኔን ጥቂት ቆይተው ለቀቁኝ። የመንደሩን ሰዎች በካሚዮን ጭነው ከከተማ ውጭ በየሜዳው እንዳራገፏቸው የሰማሁት ከወጣሁ በኋላ ነው። ወደ ክሊኒኩ ብሄድ አንቀበልሽም አሉኝ። ባለቤቴ ሚስቴ አእምሮዋ ተነክቷል ብሎ መሥክሮ ኖሯል። ሹመቱ አልተነካም።

«ለምን አልክ?» ብዬ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅኩት።

«እንዲፈቱሽ ነው» አለኝ። እውነቱን ሊሆን ይችላል። እስኪሞት አብሬው ኖርኩ፤ ልጅ ወለድኩለት፣ ሲታመም አስታመምኩት። ይቅር ብዬሃለሁ ግን አላልኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ከሥራ ከወጣሁ በኋላ ቤት ለቤት እየዞርኩ መርፌ ስወጋ ነው የኖርኩት፤ «እብዷ ድሬሰር» የሚሉኝም ነበሩ።

አሁን ወሰን የሚባለው ሠፈር ከልጄ ጋር እኖራለሁ። ያ ሜዳ ፎቅ ቆሞበታል፤ ከታች ሱቆች አሉ፣ መድኃኒቴንም እዚያ ነው የምገዛው። በፎቁ አልቆጣም። ሰው ይልበስ፣ ይብላ፣ መብራት ይግባለት። ልጄ ስለዚያ ነገር ሳነሣ፣ «እማዬ፣ አሁንማ ይውጣልሽ፤ ያ ሁሉ አለፈ» ትለኛለች። ለጤናዬ አስባ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ንዴት ይበርዳል ይባላል፤ የኔ አልበረደም። ለማን እንዳለፈ እጠይቃታለሁ። አልፎልን የኖርነው እኛ ነን፤ እነዚያ ሰዎች ከካሚዮን ከወረዱ በኋላ የት እንደገቡ እንኳ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሰው ስለዚያ ዘመን ሲጠይቀኝ እናገራለሁ። ሳይጠይቀኝም እናገራለሁ።