ጋሼ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ሲጠይቀን

የታላቅ ወንድሜ የጋሼ አርባው አለፈ። ጽሑፍ ብዙም አልችልም፤ ግን ይህችን ሳልጽፍለት አልቀርም።

ዱባይ አጠገብ አጅማን፣ አል ኑዓይሚያ ሰፈር በምንጋራው ክፍል ሥራ የሚያመለክት ሁሉ መጀመሪያ በጋሼ እጅ ያልፍ ነበር። ሲቪውን አስነብቦ፣ ባልዲ ገልብጦ ይቀመጥና ቀጣሪ ይሆን ነበር። እኛ ትልቅ ሰው ፊት አንገት መድፋት ለምደናል፤ ዐይናችን መሬት ነው።

"አንተ ሰውዬ፣ የሚቀጥርህ ምንጣፉ ነው እንዴ? ቀና በል! ያላ፣ እንደገና!" ይለኝ ነበር።

"ጋሼ፣ አንተን አፍጥጬ ላይህ? ነውር ነው።"

"እዚህ ካቀረቀርክ ውሸታም ነው የሚሉህ!"

አሁን በዘበኝነት የምሠራበት መጋዘን ተዘግቶ ቪዛዬ ሊያልቅ ነው። ነገ ጀበል አሊ ወደብ ለሌላ የጥበቃ ሥራ ቃለ መጠይቅ አለብኝ። ይህ ካመለጠኝ አገሬ ባዶ እጄን መግባቴ ነው። ጋሼ ከሞተ በኋላ በአልጋው የገባውን አዲስ ሰው "እስቲ እንደ ቀጣሪ ጠይቀኝ" አልኩት።

"እሺ አባባ። በዚህ ዕድሜዎ ለምን እንቅጠርዎ?"

ፊቱን ቀጥ ብዬ አየሁት። ግን "እኔ... እኔ..." እያልኩ ቀረሁ። ሰውየው አዝኖ ዐይኑን ወደ ስልኩ መለሰ።

እንዲህ ስደናገር ጋሼ ተቆጥቶ መልሱን ያስጀምረኝ ነበር። ነገ የሚያስጀምረኝ የለም። ዋላሂ ፈርቻለሁ።