እህቴ ክሊኒክ ስትመርጥ

እህቴ መነጽር ቤት ነው የምትሠራው። ሥራዋ መጠየቅ ነው። «በዚህኛው ይሻላል ወይስ በዚህኛው? አሁንስ?» እያለች ቀኑን ሙሉ ሰው ዓይን ላይ መስታወት ትቀያይራለች። ደንበኛው ቸኩሎ «ይሁን፣ ይሄው ይበቃኛል» ቢል እንኳ አትለቀውም፤ ጠጋ ብላ «የቱ ጋ ነው የሚያስቸግርዎ? ሲያነቡ ነው ወይስ ሲነዱ?» ትለዋለች። ችግሩ ይህ አመሏ ሱቁ ሲዘጋ አብሮ አለመዘጋቱ ነው። ገበያ አብረን ከወጣን ቲማቲም ሻጯን ስለ ዘሩ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ባሏ ጭምር ጠይቃ ነው የምንመለሰው። እኔ ደግሞ ልብስ ንጽሕና ቤት ካውያ ይዤ የምውል ሰው ነኝ። ሸሚዝ ይመጣል፣ ይተኮሳል፣ ይሰቀላል፤ ለምን ተጨማደድክ ብሎ የሚጠይቀው የለም። አንዲት እናት እንዴት ሁለታችንን እንደወለደች እሷው ትጠየቅ።

የእህቴን ባል ጋሼ እለዋለሁ። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ከተጋቡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ልጅ ፈለጉ፣ አልመጣም። ሲናገሩት ይህችው ናት፤ ግን ከእነሱ ጋር የሚያዋስነኝ አንድ ስስ ግድግዳ ነውና ስንት ለቅሶ እንዳለበት እኔ አውቃለሁ። እህቴ አርባን በተሻገረች ማግስት ምሳ ሰዓት ላይ ካውያዬ ዘንድ መጥታ ቆመች።

«ሚጣ፣ ሕክምና ልንጀምር ነው። ጊዜዬ እያለቀ ነው፤ አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም። ክሊኒክ ስመርጥ አብረሽኝ ዙሪ» አለችኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝም እሷ ዘንድ ሚጣ ነኝ።

«ጋሼስ?»

«እሱ ሰው ፊት ጥያቄ ሳበዛ ያፍራል። አንቺ አታፍሪም፣ ትናደጃለሽ እንጂ። ንዴት ይሻላል።»

የመጀመሪያው ክሊኒክ ከመግቢያው ጀምሮ የሕፃናት ፎቶ ነበር። ግድግዳው፣ ደረጃው፣ ሌላው ቀርቶ የመጸዳጃ ቤቱ በር ሁሉ በሕፃን ተሸፍኗል። እኔ፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። በሆዴ «እዚሁ ይሁንና እንገላገል» አልኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ፈገግ ብላ «እኛ ጋ ከመቶ ስልሳው ይሳካላቸዋል» ስትል ግን እህቴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደላድላ ተቀመጠች። ያን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። ነፍሴ ወጣች።

«ከየትኛው መቶ ነው ስልሳው?»

«ማለት?»

«ሕክምናውን ከጀመሩት መቶ ነው ወይስ ፅንሱ ማህፀናቸው ከገባላቸው መቶ? መሃል ላይ ያቋረጡትስ ተቆጥረዋል? ደግሞ ተሳካላቸው ማለት አረገዙ ነው ወይስ ልጅ ታቅፈው ቤታቸው ገቡ? በእኔ ዕድሜ ያሉትስ ለብቻቸው ስንት ናቸው?»

የልጅቷ ፈገግታ ፊቷ ላይ ደረቀ። ሐኪሙን ልጠይቅ ብላ ገባችና ተመልሳ «ዶክተር በጣም ጥሩ ውጤት ነው ያለን ብለዋል» አለች። እህቴ አመስግና ተነሣች። በሩ ላይ ስንደርስ ፎቶዎቹን ቀና ብላ አየቻቸው።

«እነዚህስ እሺ። ሳይሳካላቸው የሄዱት የት ነው የተሰቀሉት?»

«ኧረ በናትሽ! ክሊኒክ ነው እንጂ ለቅሶ ቤት ነው እንዴ?» ብዬ ጮህኩባት። ቤት እስክንደርስ አኩርፌያት ሄድኩ።

ሁለተኛው ክሊኒክ ጋሼም አብሮን ነበር። ሐኪሙ ደስ የሚሉ፣ ወሬ የሚችሉ ሰው ናቸው። እህቴን ዕድሜዋን ብቻ ጠይቀው፣ አንድም ምርመራ ሳያዙ፣ በቀጥታ ወደ ትልቁ ሕክምና እንግባ አሉ፤ እንቁላልና የወንድ ዘር በላብራቶሪ አዳቅሎ ፅንሱን ማህፀን ውስጥ ማስገባት። እህቴ «ባለቤቴስ መጀመሪያ አይመረመርም?» ስትላቸው የጋሼን ትከሻ አየት አድርገው «እሱማ ያስታውቃል፣ ምን ሊሆን!» አሉ። ጋሼ ኮራ ብሎ ወንበሩ ላይ ተስተካከለ። መንገድ ላይ ስንወጣ እህቴ «በትከሻ ነው እንዴ የሚወለደው?» አለች፤ እኔ በሳቅ ፈረስኩ፣ ጋሼ ግን እስከ ፌርማታው ድረስ ቀድሞን ሄደ።

እህቴ በዚያ ሰሞን ከሰውም ከመጽሐፍም ስትለቃቅም ከርማ ነገሩን በራሷ መንገድ ለይታው ነበር። ምሽት ላይ እግሯን ሶፋው ላይ ሰቅላ ታስረዳኛለች። ቀለል ያለው ሕክምና እንቁላል እንዲያድግና እንዲለቀቅ የሚረዳ ክኒን ነው፤ ቀኑን ጠብቆ ባልና ሚስት የራሳቸውን ሥራ ይሠራሉ። ቀጥሎ የባልየው ዘር ታጥቦ፣ ጠንካራ ጠንካራው ተመርጦ፣ በቀጭን ቱቦ ማህፀን ውስጥ ይገባል። መጨረሻው የላብራቶሪው ነው። እሷ መካከለኛውን መርጣለች። «ሰውነትን ብዙ አያንገላታም፤ ለምን ከላይ እንጀምራለን?» ትላለች። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን አነጋገሯ ሕክምናውን ራሷ የፈለሰፈችው ያስመስል ነበር።

ሦስተኛው ክሊኒክ ጎማ መሸጫ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው ባዶ፣ ወንበሮቹ ጠንካራ፣ ከታች የሚመጣው የጎማ ሽታ ራስ ያዞራል። በልቤ ይሄንንስ በአምስት ደቂቃ ትጥለዋለች ብያለሁ። ሐኪሟ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት፤ መነጽሯ በአንድ በኩል ዘሟል። እህቴ ገና ስትቀመጥ ዓይኗ እሱ ላይ ተተክሎ ቀረ። ያንኑ የመቶውን ጥያቄ ስትጠይቃት ሐኪሟ ወረቀት ስባ ሣለችላት። እዚህ የጀመሩት፣ እዚህ የቀሩት፣ እዚህ ያረገዙት፣ እዚህ የወለዱት። እያነሰ፣ እያነሰ የሚሄድ ሥዕል ነው። «በእርስዎ ዕድሜ ደግሞ ከዚህም ያንሳል» አለቻት። አንዳንዱን ጥያቄ «እሱን አላውቅም፤ የሚያውቅም ያለ አይመስለኝም» ብላ አለፈችው። የጎማው ሽታ ሲያዞረኝ እኔ ውኃ ልጠጣ ወጥቼ ተመለስኩ። ስንወጣ እህቴ ደረጃው ላይ ቆም አለች።

«እዚህ ነው የምታከመው።»

«ቁጥሩ እኮ ከሁሉም ያነሰው እዚህ ነው!»

«አዎ፣ ሰማሁ» አለችና ወረደች። መነጽሩንም አላስቻላትም፤ ተመልሳ ወጥታ አቃንታላት መጣች።

ምርመራው ተጀመረ። ጋሼም ተመረመረ። ያን ቀን ጠዋት ሁለት ጊዜ ሸሚዝ ቀይሮ፣ ለፈተና እንደሚሄድ ተማሪ ላብ ላብ ብሎት ነበር። ውጤቱ ሲመጣ እኔም አብሬያቸው ገባሁ። የጋሼ ደህና ነው። የእህቴ ግን ሁለቱም የማህፀን ቱቦዎች ዝግ ናቸው፤ የቀሩት እንቁላሎችም ጥቂት ናቸው። እህቴ እንደ ልማዷ ቀደም አለችና መካከለኛውን ሕክምና አነሳች፤ ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች።

«ያኛው ለእርስዎ አይሆንም። እንቁላሉና ዘሩ የሚገናኙት ቱቦው ውስጥ ነው። ቱቦው ከተዘጋ ዘሩን ማህፀን ድረስ ብናደርሰውም ከእንቁላሉ ጋር አይገናኝም። የሚሆነው የላብራቶሪው ብቻ ነው። በራስዎ እንቁላል ከሞከርን፣ እንደ እርስዎ ካሉት አሥር ሴቶች አንዷም ላይሳካላት ይችላል።»

ስንት ወር የለፋችበት ምርጫ እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ወደቀ። ቅስሟ ሲሰበር አየሁት። የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ ዘጋች።

ሐኪሟ ቀጠለች። «ሌላም መንገድ አለ። ከወጣት ሴት በልገሳ የተገኘ እንቁላል ከባለቤትዎ ዘር ጋር አዳቅለን በእርስዎ ማህፀን እናሳድጋለን። ተስፋው በብዙ ይበልጣል፤ ዋስትና ግን የለውም። ሰጪዋ የማትታወቅ ሰው ልትሆን ትችላለች፤ ዘመድም ልትሆን ትችላለች።»

ከዚህ በኋላ በዚያ ጠባብ ክፍል ሦስቱም ሰዎች እኔን ላለማየት የተስማሙ መሰለኝ። ጋሼ ጣሪያውን፣ ሐኪሟ ብዕሯን፣ እህቴ ጫማዋን ያያሉ። እህቴ ወዲያው ነፍስ ዘርታ መጠየቅ ጀመረች። ያረገዘችው ሴት ደም ለልጁ ምን ይሰጠዋል? ሲያድግ ይነገረው ይሆን? ማንን ይመስላል? ሁሉንም ጠየቀች። አንዱን ብቻ አልጠየቀችም።

ሳምንታት አለፉ። እህቴ ሥራ እንዴት ዋለ፣ ውኃ መጥቷል ወይ፣ ፀጉርሽን ለምን ተቆረጥሽ ትለኛለች፤ እንቁላልሽን ስጪኝ ግን አትለኝም። ቲማቲም ሻጯን ስለ ባሏ የምትጠይቅ ሴት! ደሜ ፈላ። መርፌ እፈራለሁ፤ እሱ አንድ ነገር ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን የሚወለደውን ልጅ ሳየው ምን እንደሚሰማኝ አለማወቄ ነበር። አክስቱ ነኝ? ወይስ ሌላ ስም አለው? ብትጠይቀኝ ምን እንደምላት አላውቅም፤ ባለመጠየቋ ደግሞ እናደዳለሁ። አንድ ጠዋት ጋሼ አጥሩ ላይ ተደግፎ «አንቺ ልጅ፣ በኛ ነገር ምንም እንዳታስቢ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

በመጨረሻ ለማንም ሳልናገር ብቻዬን ጎማ ቤቱ ፎቅ ላይ ወጣሁ። ሐኪሟ ሁሉንም ሳትደብቅ ነገረችኝ። ስለ መርፌው፣ ስለ ሆድ መነፋት፣ አልፎ አልፎ ስለሚከሰተው ከባድ ሕመም፣ በማደንዘዣ እንቁላል ስለሚወጣበት ቀን፣ ነገ የራሴን ልጅ ስፈልግ ምን ሊሰማኝ እንደሚችል። ከዚያ ወንበሯን ጠጋ አደረገች።

«የኛ ደንብ ይኸውልሽ። ዘመድ ስትመጣ ብቻዋን ነው የማናግራት። እምቢ ካልሽ ለእነሱ የምነግራቸው ‹አልተስማማም› የሚል አንድ ቃል ነው። ያልተስማማው ሰውነትሽ ይሁን ልብሽ፣ በጭራሽ አያውቁም።»

«እህቴ ይህን ታውቃለች?»

«ገና በመጀመሪያው ቀን ነው የጠየቀችኝ፤ አንቺ ውኃ ልትጠጪ ወጥተሽ ሳለ። ‹የእንቁላል ልገሳ አስፈልጎ ነገሩ አንድ ቀን እህቴ ላይ ቢደርስ፣ እኔ ሳላውቅባት እንዴት እምቢ ማለት ትችላለች?› አለችኝ። ሌሎቹንም ክሊኒኮች በስልክ ጠይቃለች። አንዱ ‹እህት እኮ እምቢ አትልም› አላት። ይህን እንድነግርሽ የፈቀደችልኝ በራስሽ እግር ከመጣሽ ብቻ ነው።»

እኔ መቶውንና ስልሳውን ስትቆጥር፣ ፎቶ ስታማርጥ መስሎኝ ስነጫነጭባት፣ እሷ ለካ ለእኔ ማምለጫ ስትፈልግ ነበር የምትዞረው። አፈርኩ፤ ከማፈሬ ይልቅ ግን ወደድኳት። ያንጊዜም ቢሆን እሺ ለማለት አልቸኮልኩም። ወንበሩ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። እምቢ የሚለውን ቃል በውስጤ ደጋግሜ አልኩት፤ ማለት እችላለሁ፣ ማንም አያውቅብኝም። ከዚያ የምለውን ለሐኪሟ ነግሬያት ወጣሁ።

መነጽር ቤት ስደርስ እህቴ የአንድ ሽማግሌ መነጽር ብሎን እያጠበቀች ነበር። ፊቴን አይታ መፍቻውን አስቀመጠች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ዶክተሯ ጋ ነበርኩ። ብቻዬን።»

እጇ ባንኮኒው ላይ ቀረ። ሽማግሌው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን ያያሉ፤ መነጽራቸው እሷ ዘንድ ስለሆነ ብዙም የሚታያቸው አይመስለኝም።

«እዚህ ድረስ መምጣት አልነበረብሽም» አለች ቀስ ብላ። «እሷ ደውላ ትነግረኝ ነበር። አልተስማማም ትለኛለች፣ ይበቃኛል። ምንም አልጠይቅሽም ነበር፣ ሚጣ፣ እስከ ዕድሜ ልኬ።»

«አውቃለሁ። የመጣሁት እሺ ስላልኩ ነው።»

ባንኮኒውን ዞራ እኔ ዘንድ እስክትደርስ ድረስ ዓይኗ ሞልቶ ነበር። ሁለቱንም እጆቼን ያዘቻቸው።

«ሳልጠይቅሽ?»

«ሳትጠይቂኝ።»