ከቀኝ ወደ ግራ የተሳበ መስመር

ሰሞኑን ጠፍቶ የነበረው መብራት ሲመጣ፣ ለብዙ ጊዜ ያልነካኋት የጠረጴዛ መብራቴ ሳላስበው በራች። አምፖል ላይ የተኛ አቧራ ሲሞቅ የሚያወጣውን ሽታ ታውቁት እንደሆነ እንጃ፤ ፀጉር ሲቃጠል የሚሸተውን የሚመስል፣ ደረቅ ሽታ ነው። ላጠፋት ተነሥቼ እጄን እንደዘረጋሁ ቆሜ ቀረሁ። ያ ሽታ የምርመራ ክፍላችን ሽታ ነበር።

ሥራችን የሰነድ ምርመራ ይባላል። ይህ ፊርማ የማን ነው፣ ይህ ኑዛዜ ተደልዟል ወይስ አልተደለዘም፣ ይህን ቃል የጻፈው የትኛው እጅ ነው የሚለውን በአጉሊ መነጽርና በመብራት መመርመር ነው። ኋላ እኔም መርማሪ ሆኜ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በሰው ፊደል ላይ አጎንብሼ ኖሬአለሁ። በደርግ ጊዜ ግን ገና ረዳት ነበርኩ። አለቃዬ ውጭ አገር የተማሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ ሁልጊዜ ሻያቸውን አቀዝቅዘው የሚጠጡ ሰው ነበሩ። “እርግጠኛ ካልሆንሽ አይደለሁም ብለሽ ጻፊ” ይሉኝ ነበር። “ከዚህ ሥራ የሚከብደው እሱ ነው።”

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ረፍዶብኝ ነው። ዛሬ ፎቅ በፎቅ የሆነው ገርጂ ያኔ የጤፍ ማሳና የላም በረት ነበር፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ እኔ ለትዳር የምትታጭ ልጃገረድ ሆኜ ነበር። የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ አሮጊቱም፣ ዘበኛውም፣ እኔም በአንድ ላይ ተኮለኮልን። ያስተማረን ዘማች ወጣት ግራኝ ነበር። ጠመኔውን በግራ እጁ ይዞ፣ አግዳሚውን መስመር ሁሉ ከቀኝ ጀምሮ ወደ ግራ ይስበዋል። እኛ እርሳስ ነክተን የማናውቅ ሰዎች ደግሞ፣ ፊደሉን ብቻ ሳይሆን የእጁንም አካሄድ ቀዳን። በቀኛችን እየጻፍን እንደ ግራኝ ሳብን። ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን ቆርቆሮውን ሲያንቀጠቅጠው፣ ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ እንደተከለ ዝም ይላል፤ እኛም እርሳሳችንን ተክለን ዝም እንላለን።

ከጎኔ የምትቀመጠው ወተት ሻጭ ጎረቤታችን ነበረች። በዕድሜ እናቴን ታህላለች። እትዬ ብላትም እርስዎ እንድላት አትፈቅድም፤ አንድ ወንበር ላይ ሀሁ ያሉ ሰዎች እርስዎ አይባባሉም ትላለች። ከተማሪዎቹ ሁሉ በተፈጥሮዋ ግራኝ የነበረችው እሷ ብቻ ናት። አስተማሪው በግራው ሲጽፍ ያየች ቀን ሳቋ አልቆም አላት።

“አንተን እናትህ አልመታችህም?” አለችው።

“መታችኝ እንጂ። እጄ ነው ያልሰማው።”

ዓመታት አለፉ፤ እኔ በማታው ትምህርት ገፍቼ ሥራ ያዝኩ። የእሷ አንድ ልጅ ደግሞ፣ ወተት ይዞ ቦሌ ወዳሉት ቪላዎች ሲሄድ መንገድ ላይ ታፍሶ ለውትድርና ወደ ሰሜን ተወሰደ። ቀበሌ ደጃፍ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ሊቀመንበሩ የአብዮቱ እናት ሁኚ አላት፤ እሷም የአንድ ልጅ እናትነት ይበቃኛል ብላ መለሰች። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት የቀበሌው በር ላይ አንዲት ወረቀት ተለጥፋ ተገኘች። ልጆቻችንን መልሱልን፤ ከዚያ ሌላ ቃል የለባትም። የጠረጠሩት እሷን ነበር፤ ረፋዱ ላይ ወሰዷት።

ወረቀቷ፣ እሷ ተገድዳ ከጻፈችው ናሙና ጋር ተያይዛ እኛ ጠረጴዛ ላይ መጣች። አለቃዬ መብራቱን አስጠግተው ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ነይ እይ አሉኝ። የእስክሪብቶ መስመር ሲጀምር ይረግጣል፣ ሲያልቅ ይሳሳል፤ በዚያች ወረቀት ላይ ያለው አግዳሚ ሁሉ የረገጠው በቀኝ፣ የሳሳው በግራ ነበር።

“የጻፈው ግራኝ ነው” አሉ። “ተጠርጣሪዋም ግራኝ ናት ይላል መሸኛ ደብዳቤው።” አነጋገራቸው ደስ የተሰኘ ሰው አነጋገር አልነበረም።

እኔ ባዶ ወረቀት ስቤ፣ በቀኝ እጄ፣ እነዚያኑ ሁለት ቃላት ጽፌ ከመነጽሩ ሥር አኖርኩላቸው። አዩ። አምፖሉ ሲግል ይሰማኛል፤ ያ የአቧራ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

“በቀኝሽ ነው የጻፍሽው?”

“አዎ።”

ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ስለ ግራኙ ዘማች፣ ስለ አዳራሹ፣ አንድ ላይ ስለተማርነው ሁሉ። ምልክቱ የእሷ ብቻ ሳይሆን የመላው ክፍላችን መሆኑን ጽፈው፣ ጽሑፌንም አያይዘው እንዲልኩ ለመንኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

“ይኼን ብጽፍ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ፣ ሌሎቹ እነማን ናቸው ብለው ነው። አንቺን ብጨምር ሁለት ትሆናላችሁ እንጂ እሷ አትቀነስም።”

የጻፍኩትን ወረቀት አጣጥፈው፣ ቅርጫት ውስጥ ሳይሆን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

የጻፉት፣ ጸሐፊውን መለየት አይቻልም የሚል ነበር። ናት ወይስ አይደለችም ተብሎ ይመለስ የሚል መሸኛ ደብዳቤ ተያይዞበት ተመለሰ። ያንኑ ዓረፍተ ነገር ደግመው ጻፉ። ያ ሳይመለስ ቀረ፤ እሷም ለወራት ሳትመለስ ቆየች። አይቻልም ማለት ነፃ ናት ማለት እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። እውነቱ በእጄ ነበር፤ በየት በኩል አውጥቼ ለማን እንደምሰጠው አላውቅም። ወረቀቱን እሷ ትለጥፈው ሌላ ሰው፣ ያንንም አላውቅም። ከዚያ አዳራሽ የወጣ ማንም ሊሆን ይችላል።

ማታ ከሥራ ስመለስ በደጇ አልፋለሁ። ላሟን ጎረቤት ተረክቦ ያልብ ነበር። እሷ በግራዋ ስለምታልብ ላሟ የለመደችው በዚያኛው ጎን የሚቀመጥ ሰው ነው፤ ሌላ ሰው በወዲህ ሲጠጋ ትራገጣለች። ዕቃው ሲገለበጥ፣ ሰውየው ሲራገም እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ለቀቋት። ለምን እንደያዟት እንጂ ለምን እንደለቀቋት የነገራት የለም። ልጠይቃት ስሄድ ከስታ፣ ግራ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከትታ ተቀምጣለች። የታመመች መስሎኝ ደነገጥኩ። ምንም አልሆነችም፤ እንደዚያ መቀመጥ ለምዳ ነው።

“ያ የሚመረምረኝ ሰውዬ፣ እጅሽ ተናግሮብሻል አለኝ” አለችኝ። “እጅ ይናገራል እንዴ፣ የኔ ልጅ? አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ሥራሽ ነው።”

እንደሚሳሳት ነገርኳት። እሷ ግን ከዚያ ወዲያ እርሳስ አልጨበጠችም። ቀበሌ ሱቅ ፈርሚ ሲሏት ቀለም አምጡ ብላ አውራ ጣቷን ትዘረጋለች፤ ፊደል መቁጠሯን የሚያውቅ ሰው ሲገረም፣ ረሳሁት ትላለች።

ልጇ ከሰሜን የላከው ደብዳቤ ታሥራ ሳለች ደርሶ መልስ ሳያገኝ ቆይቷል። አንድ እሑድ ወረቀት ይዛ መጣች።

“አንቺ ጻፊልኝ” አለች። “የኔ ይመስለዋል።”

እሷ እየተናገረች ጻፍኩ። ላሟ ወልዳለች፣ ጤናዬ ደህና ነው፣ ስለኔ አታስብ። ስለ እሥሩ አላነሣችም፤ እኔም አልጨመርኩም። ፊደሉን ሁሉ እንደተማርነው፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሳብኩት።

መልሱ ዘግይቶ መጣ። ከሰፈር ልጆች አንዱ፣ እናትህ ታሥራለች ብሎት እንቅልፍ አጥቶ ነበር። እማዬ፣ የእጅሽን ጽሑፍ ሳየው ውሸት መሆኑን አወቅሁ፤ አሁን ተኝቼ አድራለሁ ይላል።

እስኪ ድገሚው አለችኝ። ደገምኩት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። እሷ ግን ያንኑ እያመጣች፣ ራሷ ማንበብ የምትችለዋ ሴት፣ ብዙ እሑድ አስነብባኛለች።