የሃዋ ዘንቢል በፓርኩ በር

ጎረቤቴ ሃዋ ከቤቷ ምግብ ሳትይዝ ወጥታ አታውቅም። ለቅሶ ብትሄድ ትይዛለች፣ ሐኪም ቤት ብትሄድ ትይዛለች። አንድ ጊዜ መታወቂያ ለማሳደስ ቀበሌ ሄደን ወረፋው ላይ ቂጣ አውጥታ ከፊታችንም ከኋላችንም ለቆሙት ስታድል፣ የእኛ ተራ አልፎ ነበር። ቡራዩ ገበያ ውስጥ ከባሏ ከየህያ ጋር የጨርቅ ሱቅ አላት። እዚያም ቢሆን ደንበኛው ስለ ጨርቁ ከመጠየቁ በፊት ምሳ በልቶ እንደሆነ ይጠየቃል። ደግነት መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን የዘንቢሉን አንድ ጆሮ የምይዘው ሁልጊዜ እኔ ስለሆንኩ አንዳንዴ ያንገሸግሸኛል።

ባለፈው ነሐሴ ሱቃቸው ወደ ዱከም ሊዛወር ሆነ። ቅዳሜ ዕቃ ሊጫን፣ ሐሙስ ዕለት ሃዋ ልጆቹን ይዘን በሱሉልታ መንገድ ወደተከፈተው መዝናኛ ፓርክ እንሂድ አለችኝ። የሚሽከረከረው ትልቁ ነገር ላይ ወጥታ አገሩን ከላይ ማየት ትፈልጋለች። ከዚያ ደግሞ ሁላችንም ከአንድ ትሪ በልተን እንድንሰነባበት ትፈልጋለች። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን ስለሆንን ሥጋችን አይገናኝም። በዓል ሲመጣ ለእኔ የሚያርድ ክርስቲያን ፈልጋ ታመጣለች፤ እኔ ስጠራት ቢላዋውን ለየህያ እሰጣለሁ። ስለዚህ በበዓል ሁለት ድስት፣ ሁለት ትሪ ነው። በጾም ጊዜ ግን የሚለየን የለም። ሃዋ ስንብቱን በፍልሰታ ያደረገችው ይህንን አስባ ነው። ሌሊት ተነስታ ጎመንና ምስር ሠራች፤ ለሱፍ ፍትፍት የሚሆነውን ሱፍ በጥብጣ በሃይላንድ ሞላች፤ አብሹን በሌላ ሃይላንድ፣ ሻዩን በፔርሙዝ አደረገች።

እኔ ከልጄ ከሌንጮ ጋር፣ እሷ ከሁለቱ ሴት ልጆቿ ጋር፣ አዲሱ ገበያ ላይ ታክሲ ቀይረን በዝናብ ደረስን። ቲኬት ቆርጠን በሩ ላይ ስንደርስ ጥበቃው ዘንቢሉን ከፈተ። ሚልኬሳ የሚባል ጨዋ ልጅ ነው። ከውጭ ምግብም መጠጥም ማስገባት ክልክል መሆኑን ነገረን። በአማርኛ ስለምነው አልሆነም። በኦሮምኛ ይሻል ይሆናል ብዬ “ኦቦሌሳ ኮ”፣ ወንድሜ፣ ስል ጀመርኩ። በኦሮምኛም ክልክል ነበር።

ከዚያ ሱፉን አንስቶ ወተት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሃዋ ሱፍ እንዴት እንደሚቆላ፣ እንደሚወቀጥና እንደሚጠለል ታስረዳው ጀመር። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ። ሚልኬሳ በመጨረሻ የሚሻለውን መንገድ አሳየን፦ እዚሁ ውጭ በልታችሁ ግቡ።

“እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም” አልኩት።

“እንግዲያው እሳቸው ይብሉ፣ አዴ” አለኝ፤ እትዬ ማለቱ ነው።

ሃዋ እኔን ትታ ልትበላ ነው! እሱን ያየችበት አስተያየት እኔን ራሴን አስደነገጠኝ።

ኃላፊው ተጠርቶ መጣ። ውስጥ ምግብ ቤት አለ፣ የጾምም አለን አለ። ምን እንደሆነ ስጠይቀው የተጠበሰ ድንች ነው። ዶሮው በሚጠበስበት ዘይት ይጠበስ እንደሆነ ጠየቅሁ። ድንች ድንች ነው አለኝ። ሃዋ በበኩሏ ዶሮውን ማን እንዳረደው ጠየቀች። ሰውየው ግንባሩን ያዘ። አንድ መጥበሻ ሁለታችንንም ከለከለን። ሁለት እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሴቶች በአንድ ቀን ስለመጡበት አዘንኩለት፤ እሱ ግን አላዘነልንም።

ሊሄድ ሲል ለጨቅላ ሕፃንና ለበሽተኛ ብቻ ምግብ እንደሚፈቀድ ተናገረ። ቲኬት የምትቆርጠው ልጅ በመስኮቷ አንገቷን አውጥታ ስኳር አለብኝ በሉ አለችን፤ ሁሉም እንደዚያ ብሎ ነው የሚያስገባው። የሃዋ ትልቋ ልጅ ሬሐና እናቷን በክርኗ ነካ አደረገቻት። እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ ሸፍቶ ነበር። ዝናቡ ነጠላዬን ዘልቆ ትከሻዬ ደርሷል።

“አላህ ጤና ሰጥቶኝ፣ ለአንድ ዘንቢል ብዬ በሽተኛ ነኝ ልበል?” አለች ሃዋ። “ነገ የምሩን ቢያደርገውስ?”

እንግዲህ አንቺ ግቢ፣ ዘንቢሉን እኔ እጠብቃለሁ አልኳት። አልገባም አለች። ቲኬትሽ ይቃጠላል፣ ያን ሁሉ መንገድ የመጣሽው የሚሽከረከረው ላይ ልትወጪ አይደለም ወይ ብዬ ተቆጣሁ። ትንሿ ኢናስና ሌንጮ መዳረሻው የጠፋው ክርክር ሰልችቷቸው በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ያያሉ። ሃዋ ለሬሐና ልጆቹን ይዘሽ ግቢ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አውጫቸው አለቻት። ከወጡ መመለስ እንደማይቻል ሚልኬሳ አስጠነቀቀ። ይሁን አለች።

“ሃዋ፣ ሰው እንዴት እንዲህ ግትር ይሆናል?”

“ተሬ፣ ዱከም ሄጄ ብቻዬን የምበላበት ቀን ሞልቷል።”

 አጥሩ ሥር ፌስታል አንጥፈን ተቀመጥን። እኔ በልቤ ውዳሴ ማርያሜን እደግማለሁ፤ እሷ ሰላቷን ሰገደች፤ በመካከል እንነታረካለን። ዱከም ውኃው እንዴት እንደሆነ፣ አዲሶቹ ጎረቤቶች ምን ዓይነት ሰዎች እንደሚሆኑ አወራን። እንዲህ ያለ ጎረቤት ለሰጠኝ አምላክ ምስጋና ማቅረብ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን እግሬ ረጥቦ፣ ሆዴ እየጮኸ፣ ምስጋናው በጥርሴ መካከል ነው የወጣው።

ልጆቹ በሰዓቱ ወጡ። ሌንጮ የመጫወቻዋን መኪና ሁለተኛ ሳይነዳ በመውጣቱ አኩርፏል። ሃዋ ትሪውን ዘርግታ እንጀራውን ፈተፈተች፤ ሱፉን አፈሰሰችበት፤ ጎመኑንና ምስሩን ዙሪያውን አደረገች። አማትቤ ጾሜን ፈታሁ። እሷም ቢስሚላህ አለች። የመጀመሪያው ጉርሻዋ ለእኔ ነበር፤ ሁለተኛው ለሌንጮ፣ እንዳኮረፈ ዋጠው።

ገና ሦስተኛ ሳንጎርስ ሚልኬሳ መጣ። እያፈረ ነው የመጣው። አጥሩም የፓርኩ ነው፣ ኃላፊው ከመስኮት አይተዋችኋል፣ እዚህም አይቻልም አለ። ና ብላ አለችው ሃዋ። እኔም ጾመኛ ነኝ፣ ገና አልፈታሁም፣ ግን ሥራ ላይ ነኝ አለ። ምራቁን ሲውጥ አየሁት።

 ሃዋ የትሪውን አንድ ወገን ያዘች፣ ሌላውን እኔ ያዝኩ። ሬሐና ዘንቢሉን፣ ልጆቹ ሃይላንዶቹን ይዘው ተከተሉን። ሚልኬሳ ቀድሞ አስፋልቱ ላይ ቆመና እጁን ዘርግቶ አንድ ሲኖትራክ አስቆመልን። ሾፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ፣ እኛ ሱፉ እንዳይፈስ ቀስ እያልን፣ አንዳችን የሌላችንን እርምጃ እያየን ተሻገርን።

ማዶ የተዘጋ የብሎኬት ማምረቻ አለ፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ወጣ ያለ ነው። እዚያ ሥር ትሪውን አስቀመጥነው።

“ብሉ” አለች ሃዋ።