«ስቱዲዮ»ን ማን ነገራት?

ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ እጇን በሳኒታይዘር አሸችና ያ የአልኮል ሽታ አፍንጫዬን መታው። ወዲያው የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆንኩ። ሳቄ መጣ። ሴትዮዋ ቀና ብላ በጥርጣሬ አየችኝ። ትየኝ፤ መጠርጠርማ ከኔ ወዲያ ላሳር ነው።

ያኔ የምንኖረው እስራኤል አገር፣ ኢየሩሳሌም አጠገብ መቫሰረት ጽዮን፣ ከኢትዮጵያ የመጡ አዲስ ገቢዎች በሚያርፉበት ሰፈር ነበር። ግድግዳው ስስ ነው፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ እኛ ቤት «ይማርህ» ይባላል። ከግድግዳው ማዶ የምትኖረው ልጅ ጓደኛዬ ነበረች። በአንድ አውቶቡስ ከተማ ወርደን አንድ ክፍል እንማራለን።

ሁለታችን የራሳችን ቋንቋ ነበረን። ከዜናውም ከቴሌቪዥኑም እየቀደድን የጣፍነው ነው። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ አገሩ ሲዘጋ በዕብራይስጥ «ሰገር» ይሉት ነበር፤ እኛ ደግሞ አባት ከቤት አትወጪም ሲል «ሰገር ገባሁ» አልን። በበሽታው የተጠረጠረ ሰው ለብቻው ሲቀመጥ «ቢዱድ» ይባላል፤ እኛ ያኮረፍነውን ሰው ቢዱድ አስገባነው። ምርጫው በላይ በላዩ ሲደጋገም ደግሞ ሐሳቧን ለምትቀያይር ልጅ «ምርጫ» የሚል ስም ወጣላት። ዳኛው ተመልሶ በቪዲዮ የሚያየው «ቫር» ከኳስ ሜዳ መጣ፤ እናቴ «የት ነበርሽ? ከማን ጋር?» እያለች አንዱን ነገር ሦስቴ ስትመረምር «ቫር ጀመረች» እንባባላለን። አሁን ሳወራው ቀላል ነው፤ ያኔ ግን ሆዳችንን ይዘን ነበር የምንስቀው።

ከሁሉም የምንደብቀው ቃል «ስቱዲዮ» ነበር። ኢየሩሳሌም ውስጥ ያለው ኢትዮጵያ ጎዳና ማለት ነው። ከትምህርት ስንወጣ እዚያ ጸጥ ያለ መንገድ ሄደን፣ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ተቀምጠን፣ እንደ ቴሌቪዥኑ የዘፈን ውድድር አንዷ ትዘፍናለች፣ አንዷ ትዳኛለች። ፀሐይ የዋለበት ድንጋይ ጀርባችንን ያሞቀናል፤ ከአጥሩ በላይ የጥድ ሽታ ይመጣል። ከውስጥ የመነኮሳቱ ዜማ ሲሰማ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። አንዲት መነኩሲት ሲወጡ «እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ» ብለውን ያልፉ ነበር።

አባቴ ይህን ቢሰማ አለቀልኝ። የእናቴ ታናሽ እህት ጎንደር ሆና ወደ እስራኤል የመግቢያ ፈቃድ የምትጠብቅበት ጊዜ ነበር። «ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ታይተሽ ወሬው ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ቢደርስ፣ አይሁድነታቸው ውሸት ነው ይሉናል። አክስትሽን እዚያው አስቀረሻት ማለት ነው» ብሎ አስጠንቅቆኛል። አክስቴ በኋላ በሰላም ገብታለች፤ ያኔ ግን ይህን ማን ያውቃል? እኔ ግን እሄድ ነበር። ልጅነት!

አንድ ቀን ከሰዓት እናቴ ድንች እየላጠች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ዛሬም ስቱዲዮ ነበራችሁ?» አለችኝ።

ክው አልኩ። ቃሉን በዚህ ዓለም የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን። «አ... አዎ» ብዬ ክፍሌ ገባሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ተቀምጬ ነገር መልቀም ጀመርኩ። ሰኞ ዕለት ጓደኛዬ ከእናቴ ጋር ደረጃው ላይ ቆማ ስታወራ አይቻታለሁ። እናቴ ዳቦ ቆርሳ ሰጥታታለች። ያ ዳቦ ጉቦ ሆኖ ታየኝ። በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ፈገግ ብላ ቦታ ብትይዝልኝ፣ ፈገግታዋም ተንኮል መሰለኝ።

«ስቱዲዮን ማን ነገራት?» አልኳት።

«ማንን?»

«እናቴን ነዋ! አታውቂም አሉ!»

«እኔ አልተናገርኩም። እንጃ... አልመሰለኝም» አለች።

«አልመሰለኝም» ያለችውን ያዝኩ። ንጹሕ ሰው እንዲህ ይላል? ቢዱድ አስገባኋት። አውቶቡስ ላይ ሌላ ወንበር መረጥኩ። ቤት ስንገባ ግድግዳውን በጣቷ ታንኳኳለች፤ እኔ ትራስ ጆሮዬ ላይ እጭናለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ወላጆቿ ወደ ደቡብ ቤት አግኝተው ዕቃቸው ተጫነ። እናቴ «ውረጂና ተሰናበቻት እንጂ፣ ምን ነካሽ?» አለችኝ። አልወረድኩም። በመጋረጃው ጠርዝ አየኋት፤ መኪናው አጠገብ ቆማ ወደ መስኮታችን ታያለች። ለማስመሰል ነው አልኩ በልቤ።

ሳምንት ሳይሞላ እናቴ ዕብራይስጥ ከምትማርበት ከኡልፓን ዓይኗ ቀልቶ መጣች። ራስሽን አስተዋውቂ ተብላ ቆማ፣ «እኔ የሦስት ልጆች ቫር ነኝ» ብላለች። ክፍሉ በሙሉ አውካካባት። «ምን አጠፋሁ? አንቺ ስትዪው የሰማሁትን እኮ ነው ያልኩት» አለችና ደብተሯን ዘርግታ ሰጠችኝ።

በስልክ የማወራው ሁሉ በእርሳስ፣ በአማርኛ ፊደል ተሰልፏል። «ቫር፦ እናት።» «ቢዱድ፦ ኩርፊያ ሳይሆን አይቀርም።» «ስቱዲዮ፦ ከትምህርት በኋላ ያለ ክፍል፤ ትወደዋለች፣ ከዚያ ስትመጣ ደስ ብሏት ነው።» ዕብራይስጥ መስሏት ነው። አማርኛዬ እየሳሳ ስለሄደ፣ የልጄን ቋንቋ ልማር ብላ በሩ ኋላ ቆማ ስትጽፍ ኖራለች። ስቱዲዮ የት እንደሆነ ጭራሽ አታውቅም። ማንም ምንም አልነገራትም።

አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። ስለሳቁባት የማለቅስ መስሏት «ተይ ልጄ፣ ይሳቁ» ትለኛለች። ለጓደኛዬ ልደውል ስልኩን አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ዛሬ ነገ ስል ቁጥሯ ተቀየረ። እውነቱን ለመናገር አፍሬ ነው።

አምና ለስግድ በዓል የቤተ እስራኤል ሕዝብ ኢየሩሳሌም ሲሰበሰብ፣ ከቄሶቹ ጃንጥላ ወዲህ፣ ያችን ጓደኛዬን በወታደር ልብስ ቆማ አገኘኋት። ተሳሳምን። ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ ሁሉን ዘረገፍኩላት፤ ደብተሩን፣ ኡልፓኑን፣ የሦስት ልጆች ቫሯን። በዚህኛው ከልቧ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«እኔ እኮ» አለች፣ «ሳላውቀው አምልጦኝ ይሆናል እያልኩ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የኖርኩት። ከእናትሽ ጋር ያወራሁትን ሁሉ እየመላለስኩ... እስካሁን ሰው ሚስጥር ሊነግረኝ ሲል አትንገሩኝ ነው የምለው። ራሴን አላምነውም።»

ሁለት እጆቿን ያዝኩ። ይቅርታ አልኳት በአማርኛ፣ ደግሜም በዕብራይስጥ። «ምንም አይደለም፣ ልጆች ነበርን» አለችና የእጄን መዳፍ ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችው። አውቶቡሳቸው ሊነሣ ነበርና ሄደች።