በሩን የዘጋው ሰው

ሊይዘኝ ሲመጣ የራሱን ፍላሽ እየጫንኩለት ነበር።

ጅጋ ውስጥ፣ ከገበያው ዝቅ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ፣ ፊልምና መዝሙር በፍላሽ እጭን ነበር። አንድ ኮምፒውተርና አንድ አግዳሚ ወንበር ነበረኝ። እሱ የአካባቢያችን የሚሊሻ አዛዥ ነው፤ ደንበኛዬም ነው። ሙታን ከመቃብር ተነስተው ሰው የሚበሉበትን አንድ የውጭ ድራማ ከኔ እየወሰደ ያያል። እንግሊዝኛው ስለማይገባው አንዱን ክፍል ሲጨርስ መጥቶ አግዳሚው ላይ ይቀመጥና "እንግዲህ አስረዳኝ" ይለኛል። ያን ቀን ግን ሁለት ፖሊስ አስከትሎ መጣ።

"ተነስ" አለኝ።

"ጥቂት ነው የቀረው" አልኩት፣ ስክሪኑን እያሳየሁት። ምን ማለቴ እንደነበር ዛሬም አላውቅም። ፍላሹን በራሱ እጅ ነቀለና ኪሱ ከተተው።

ባለቤቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር። ወሯ ገብቷል። "ኧረ በማርያም! ዛሬ ነገ የምል ሰው ነኝ፤ ለማን ጥላችሁኝ ነው የምትወስዱት?" አለችው። ሰምቷታል። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ወጣ።

ወጣቱ መንገድ የዘጋበት ክረምት ነበር። የሰልፍ ቪዲዮ ታሰራጫለህ ተባልኩ። ማሰራጨቱን አሰራጭቻለሁ፤ ሰው ጫንልኝ ሲለኝ የምጭን ሰው ነኝ። ወደ ፍኖተ ሰላም ወስደው ከከተማው ዳር ቀድሞ እህል ይከማችበት የነበረ አዳራሽ ውስጥ አስገቡኝ። መጀመሪያ ያየሁት ጫማ ነው፤ በሩ ሥር የተደረደረ የሰው ሁሉ ጫማ፤ ኮንጎው፣ ሸራው፣ ሶሉ ያለቀ የቆዳ ጫማ። "አውልቀህ ግባ፤ ቤት ነው" አለኝ አንድ ድምፅ ከጨለማው ውስጥ። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል። የአሮጌ እህልና የነቀዝ ሽታ አለው። ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ስለሚጮህ ሰው ከሰው አይደማመጥም፤ ያኔ ሁሉም ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ድምፁ የአንድ ሽማግሌ ነበር። የቋሪት ሰው ናቸው፤ ከገበዝ ማርያም ወዲያ ድንች ያመርታሉ። ጠመንጃቸውን አስረክቡ ሲባሉ "የአባቴ ነው፤ እሱን ጠይቁት" ስላሉ ነው የታሰሩት። አባታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። በአገራቸው ደም የሚያደርቁ፣ ባልና ሚስት የሚያስታርቁ ሰው ነበሩና አዳራሹ ውስጥም ሥራቸውን አልተዉም፤ በመኝታ ቦታ የተጣላውን፣ በብርድ ልብስ የተኳረፈውን ሁሉ ይዳኛሉ።

ልጄ የተወለደችው እኔ እዚያ እያለሁ ነው። ወሬው የመጣው ባለቤቴ ከምትልክልኝ ምግብ ጋር ነው። "እንኳን ማርያም ማረቻት!" አሉ ሽማግሌው፤ አዳራሽ ሙሉ ወንድ እልል አለ። ጠባቂው ምን መጣ ብሎ በሩን በዱላ ደበደበው። ሳቅሁ። ቀጥሎ ግን ፊቴን በጋቢዬ ሸፍኜ አለቀስኩ። ክርስትና ስትነሳም አልነበርኩም።

ከዚያ ያን የሚሊሻ አዛዥ አመጡት።

ወጣቱ መንገድ ሲዘጋ አይተህ ዝም ብለሃል ብለው የገዛ አለቆቹ አሰሩት። በሩ ተከፍቶ ሲገባ የሚያውቁት ሁሉ ተነሱ። ከመካከላችን ብዙዎቹን የያዘው እሱ ነው። ከቡሬ የመጣ አንድ ተማሪ ነበር፤ ወንድሙን ከጓሮ ጎትቶ ያስወጣው ይኸው ሰውዬ ነው። "ባርኮ የሰጠን ዕለት!" ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። ሽማግሌው መሃል ገቡና "እዚህ ማንም ማንን አይመታም። የመቱን ይበቁናል" አሉት።

አልተመታም። ማዕድ ግን አልገባም። እኛ ከየቤታችን የሚመጣልንን አንድ ላይ አድርገን በየትሪው ዙሪያ እንበላለን። ለሱ ምግብ የሚያመጣ አልነበረውም፤ ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ፈረስ ቤት ከተማ ወላጆቿ ዘንድ ገብታለች አሉ። የመንግሥትን ዳቦ ብቻ ይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይበላል። "ና ብላ" የሚለው አልነበረም፤ እኔም አላልኩትም። ሰውየው ሲከሳ አየሁት። ቀበቶውን ቀምተውት ነበርና ሱሪውን በእጁ ይዞ መሄድ ጀመረ። ደስ ብሎኛል ብል ውሸት ይሆናል፤ አዝኛለሁ ብልም ውሸት ይሆናል።

ድራማውን መተረክ የጀመርኩት ሥራ ስለፈታሁ ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ካልጣለ ዙሪያዬን ይሰበሰባሉ። ሙታኑን ስነግራቸው ሽማግሌው "ፍትሐት ሳይደረግላቸው የተቀበሩ ናቸው" ብለው ደመደሙ። ከዚያ በኋላ ማንም ስለሙታኑ አልጠየቀኝም፤ ምክንያቱ ታውቋል።

የሁሉንም ልብ የያዘው የድራማው ክፉ ሰውዬ ነው። ግንብ ያለው ወፍጮ ቤት አለው። ሙታኑ መንደሩን ሲወሩ ሰው ሁሉ ወደሱ ሮጠ። እሱ በሩን ዘጋ። የአንዲት ሴት ባል በሩን እየደበደበ እዚያው ተበላ፤ ሰውየው ከላይ ሆኖ ያያል። ሴትዮዋ አመለጠች፤ በኋላ የራሷን ቅጥር ሠርታ ብዙ ሰው አስጠጋች። ዓመት ከርሞ ሰውየውን የገዛ ሰዎቹ ከወፍጮ ቤቱ አባረሩት። እየሮጠ እሷ በር ላይ መጣ፤ ሙታኑ ከኋላው ናቸው። ቁልፉ በእጇ ነው።

"እሽ?" አሉ ሽማግሌው።

"እኔ እስከዚህ ነው ያየሁት። ቀጣዩ ሳይመጣልኝ ታሰርሁ።"

አዳራሹ አጉረመረመ። ተማሪው "ምን ያጠያይቃል? ይበላ! ይሄ ካልተበላ ድራማው ራሱ ይቅር" አለ። ሽማግሌው ግን ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፤ ነገር ሊዳኙ ሲሉ እንዲህ ናቸው።

"ቆይ፤ ባልየውም እንደሌሎቹ ተነሥቷል አላልኸም?"

"ተነሥቷል፤ ከሙታኑ ጋር ይዞራል።"

"እንግዲህ ቆሞ የሚሄድ ሰው ሞተ አይባልም። የደም ነገር አይደለማ! የቁስል ካሳ ነው።"

"አባቴ፣ ሰው ይበላል እኮ!" አለ ተማሪው።

"ይብላ። በቁሙ ሰው የሚበላ ስንት አለ።"

ሳቁ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶን እንደተቀመጠ ነው። ስለማን እንደምንከራከር ያልገባው ሰው በዚያ አዳራሽ አልነበረም። ማዕድ እናስገባው ወይስ እዚያው ይድረቅ? በስሙ ደፍሮ ያነሳው ስላልነበረ በወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ላይ ተከራከርን።

በማግሥቱም ቀጠለ። ሽማግሌው ሰለቻቸው። "ነገር በባዶ አይታይም። በደለኛ ይቁም፤ ተበዳይም ትቁም" አሉ። ለተበዳይዋ እኔን ጠቆሙኝ፤ ሴትዮዋን የማውቃት እኔ ነኝ። በደለኛውን ሆኖ የሚቆም ግን ጠፋ። አንዱ ወገቤን አመመኝ አለ፤ ሌላው ጸሎት ጀመረ። በእርቅ ሸንጎ ፊት በድያለሁ ያለ ሰው፣ ለጨዋታም ቢሆን፣ ቃሉ ይይዘዋል፤ የአገሬ ሰው ይህን አይደፍርም።

"እኔ እቆማለሁ" አለ ሰውየው ከግድግዳው።

ከገባ ጀምሮ ድምፁን ስንሰማ የመጀመሪያችን ነው። "ይሁን፤ ሥራውን ያውቀዋል" አለ ተማሪው። የሳቀ የለም።

በኛ አገር በደለኛ ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው። እዚያ ድንጋይ የለም። ሽማግሌው ዙሪያቸውን ቃኙና የውኃውን ቢጫ ጀሪካን ጠየቁ። ሞልቶ ነበር። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ማጅራቱ ላይ ተቀበለው፤ በአንድ እጁ ጀሪካኑን፣ በአንዱ ሱሪውን ይዞ ቆመ። ክዳኑ ስለሚያፈስ ውኃው በጆሮው በኩል ይወርድ ነበር።

"ምን አደረግህ?" አሉት።

"በሩን ዘጋሁ።"

"ለምን?"

"ዝጋ አሉኝ። ካልዘጋሁ እኔም ውጭ እንደምጣል አውቅ ነበር። ፈራሁ።"

ድራማው ውስጥ ዝጋ ያለው ሰው የለም። ወፍጮ ቤቱ የራሱ ነው። ድራማውን ከሱና ከኔ በቀር ያየ አልነበረም፤ እኔ ግን አላረምኩትም። ሽማግሌው ወደኔ ዞሩና "ተበዳይ፣ የምትጠይቂው አለሽ?" አሉኝ። በሴት ሲጠሩኝ ማንም አልሳቀም።

የድራማዋ ሴት ምን ብላ እንደምትጠይቅ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም።

"ሴትዮዋ ነፍሰ ጡር እንደነበረች አይተሃል?"

ጀሪካኑን ማጅራቱ ላይ አመቻቸ።

"አይቻለሁ" አለ። "ስትለምነኝም ሰምቻለሁ።"

የድራማዋ ሴት አላረገዘችም፤ አልለመነችውምም።

ልመታው ፈለግሁ። ልጄ ይህን ጊዜ መሳቅ ጀምራ ይሆናል፣ ሳቋን አላውቀውም ብዬ አሰብኩ። ሽማግሌው "እንግዲህ ቁልፉ በእጅሽ ነው። ይቅር ትይዋለሽ ወይ?" አሉ።

"አልልም" አልኩ። "ይቅርታ ከአፌ አይወጣም። በሩን ግን እከፍትለታለሁ። ውጭ ያሉት ሙታን ናቸው፤ ለነሱ ሰው አሳልፌ አልሰጥም።"

"ይህ እርቅ አይደለም" አሉ ሽማግሌው፣ ቅር ብሏቸው።

"እርቅ ነው አላልሁም፣ አባቴ።"

ሽማግሌው ጋቢያቸውን እንደገና አስተካከሉ። እንዲህ ያለ ነገር ዳኝተው አያውቁም፤ ይቅር ሳይባል ማዕድ የለም፣ ማዕድ ካለ ይቅር ተብሏል። ተማሪው "በሉ እንጂ አባቴ፣ ሰውየው ተሰበረ እኮ" አላቸው። ይህን ያለው እሱ መሆኑ እኔን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ሳያስገርመው አልቀረም። ሽማግሌው ተነስተው ጀሪካኑን በሁለት እጃቸው አወረዱለት።

"ግባ እንግዲህ" አሉት። "አላወቅሁበትም፤ ግን ግባ።"

ምግቡ ገባ። ያን ቀን የደረሰው የኔ ነው፤ ባለቤቴ የሠራችው ሽሮ፣ ጥቂት ጎመን። ትሪው ላይ ዘረጋነው። እሱ ከጥግ ብድግ ብሎ መጣና በተማሪውና በኔ መካከል በተተወለት ቦታ ተቀመጠ። ሽማግሌው ባረኩ። መጀመሪያ ላይ እጁ ከዳር ከዳሩ ብቻ ይቆርስ ነበር። የማን እጅ እንደሠራው ያውቃል።

ትሪው ለብዙ ሰው ነው፤ እኛም ብዙ ቀን አብረን ስለበላን ልካችንን እናውቃለን። ሽማግሌው "ተመስገን" ብለው እጃቸውን አነሱ። ተማሪው አነሳ። ሌሎቹም አንድ በአንድ አነሱ። እሱ ገና መጀመሩ ነው፤ ርቦታል፤ ከሳምንታት ወዲህ ወጥ የነካ እንጀራ አልቀመሰም። በኛ አገር ሰው ሁሉ እጁን ካነሳ ብቻውን ትሪ ላይ የሚቀር የለም፤ ቢሞትም አይቀርም። ጣቶቹን አየኋቸው፤ ቀስ እያሉ ነው። እኔን በጎን አየኝ። እኔም ካነሳሁ ያነሳል።

አላነሳሁም። ትንሽ ቆረስኩ። አላመጥኩ። ሌላ ትንሽ ቆረስኩና በትሪው ላይ ከወዲያ ወዲህ አዞርኩት፤ ሽሮው ወዳለበት ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ወደሱ አላየሁም። የጣቶቹን መፍጠን ግን አየሁ። ትሪው ተጠርጎ እስኪያልቅ ድረስ እጄ እዚያው ነበር።

ከሁላችን በፊት ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት፤ እኔም በኋላ ተፈታሁ። ልጄን ሳያት ጥርስ አብቅላ ነበር፤ እንግዳ ሰው ነኝና አለቀሰችብኝ።

አሁን አልፎ አልፎ ገበያ ላይ እንተያያለን። ሸምግሏል። እሱ ነው ቀድሞ ኮፍያውን የሚያነሳው፤ እኔም እግዜር ይስጥልኝ ብዬ አልፋለሁ። ሰዎች "ይቅር ብለኸዋል ማለት ነው?" ይሉኛል። አላልኩም። አንዳንድ ሌሊት ባለቤቴ "ለማን ጥላችሁኝ" ያለችው ይሰማኛል፤ ያኔ ብቻዬን እናደዳለሁ። የዚያን ቀን ትሪ ሳስብ ግን አልጸጸትም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለቅሶ ቤት ከሱ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ "ያኔ በጣም ርቦህ ነበር፣ አይደል?" አለኝ። ሰው ዙሪያችንን ነበር።

"አዎ፣ ርቦኝ ነበር" አልኩት።