የሚጠብቀው የቱ ነው?

የነገሩኝ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ናቸው። ቅዳሴ ለመሄድ ፈቃድ ወስጄ በማግሥቱ ስገባ፣ በሩ ላይ አስቆሙኝ።

"አቦ ቲቸር፣ ትላንት የት ጠፋሽ? ድምፅሽን በስልክ ከፍተው መምህራኑ ሲንከተከቱ ነው የዋሉት። 'ቴብል፣ ቴብል' ይላሉ። ምንድን ነው ደሞ እሱ?"

ወዲያው ገባኝ። ያንን ድምፅ የላክሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

እሷም እንደኔ እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ የድሬ ልጅ ናት። ከጎጃም ተመድቤ ስመጣ ሳቢያን ሰፈር ቤት የፈለገችልኝ፣ በጾም እኔን ብላ ሽሮ ስትበላ የከረመች እሷ ናት። ሰውን ሁሉ "እርስዎ" እያልኩ ስሽቆጠቆጥ፣ "እዚህ ሁሉም አንቺ ነው፣ ዘና በይ!" ትለኝ ነበር።

እንግሊዝኛ የተማርኩት ከመጽሐፍ እንጂ ከሰው አፍ አይደለም። ረጅም ቃል ሲገጥመኝ በእርሳስ እቆራርጠዋለሁ፤ ከዚያ ድምፅ የሚበረታበትን ቁራጭ እፈልጋለሁ። እኔ የማውቀው ደግሞ የኛን ማጥበቅ ነው፤ "ገና" ሲጠብቅ በዓሉ እንደሚሆነው። ስለዚህ እንግሊዝኛውንም አጠበቅሁት። ቬ-ጂ-ቴብል ብዬ ቆረጥኩና፣ የማውቀውን 'ቴብል'፣ ጠረጴዛውን፣ መጨረሻው ላይ ሳገኘው እሱን ጫን አልኩት። ኮምፈርቴብልንም እንዲሁ። ሃያ ያህል ቃል አነበብኩና "እስኪ አርሚኝ" ብዬ በቴሌግራም ላክሁላት።

"አንደኛ ነሽ እህቴ! እንዳትቀይሪው" አለችኝ።

አልቀየርኩትም። የሰባተኛ ክፍል ልጆቼን አቁሜ በአንድ ድምፅ አስባልኳቸው።

ዘበኛው የነገሩኝን ይዤ ድምፄን ለምን እንዳሰማች ስጠይቃት፣ "አቦ አታካብጂ፣ ለጨዋታ ነው" አለች።

"መሳሳቴን ግን ታውቂ ነበር?"

"እንደዛ ደስ ብሎሽ ስታነቢ ምን ልበልሽ?"

"ይቅር ብዬሻለሁ" አልኳት። ያልኩት በአፌ ነው፤ ሆዴ እስካሁን እንቢ ብሏል። እሱን ከእግዚአብሔር ጋር እጨርሰዋለሁ። ልጆቹ ግን የእኔን ስሕተት ይዘው ነው ፈተና የሚቀመጡት። ከሃያው ቃል የትኛው ልክ፣ የትኛው ስሕተት እንደሆነ አሁንም አላውቅም። እሷን መልሼ እንዳልጠይቃት፣ ልክ ነው ብትለኝ በምን አምናታለሁ?

ያን ቀን መምህራን ክፍል የነበራችሁ፣ ይቅርታ ጠይቁኝ አላልኩም። የሳቃችሁባቸውን ቃላት ብቻ አንድ በአንድ ጽፋችሁ ስጡኝ፤ የሚበረታው የቱ ጋ እንደሆነም ከሥሩ አስምሩልኝ።